ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ረሃቡ ለምን ተመለሰ?

 

ክብደት ለመቀነስ ሲባል የሚደረግ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ዛሬ ለብዙ ቤተሰቦች እንግዳ ነገር አይደለም። በዐረብ አገራትና በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም ያደረጉት አሉ። የመጀመሪያው ዓመት የደስታ ነው። ጥቂት ጉርሻ ያጠግባል፤ ልብስ ይሰፋል፤ የጉልበት ሕመም ቀልሎ ከሱጁድ መነሳት ቀላል ይሆናል። በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ግን ረሃቡ ይመለሳል፤ ሚዛኑም ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። በዚህን ጊዜ ብዙዎች «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ሁሉ ገንዘብና ሕመም አባከንኩት» ብለው ያፍራሉ። ካፈሩ ደግሞ ከሐኪም ይሸሻሉ። ከተመለሰው ኪሎ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ሽሽት ነው።

ረሃቡ ከየት መጣ?

በብዛት የሚሠራው «ስሊቭ» የተባለው ቀዶ ሕክምና ከጨጓራ ከ75 እስከ 80 በመቶ ያህሉን ቆርጦ ያወጣል። «ባይፓስ» በሚባለው ደግሞ ከጨጓራው አናት ትንሽ ከረጢት ተለይታ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። ከሁለቱም በኋላ የሚበሉት መጠን ያንሳል። በተለይ በስሊቭ ተቆርጦ የሚወጣው የጨጓራ ክፍል ረሃብ ቀስቃሽ የሆነው «ግሬሊን» የተባለ ሆርሞን በብዛት የሚመረትበት ስለሆነ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል።

ሆኖም ሰውነት የቀነሰውን ክብደት እንደ ጉዳት ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጉልበት ቆጥቦ መጠቀም ይጀምራል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሱ መልእክቶችንም ያበረታል። ጨጓራውም ከጊዜ በኋላ በመጠኑ ሊሰፋ ይችላል። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረ ታላቅ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ባይፓስ የተደረገላቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ በአማካይ ከክብደታቸው እስከ 32 በመቶ ቀንሰው ነበር። በ10ኛው ዓመት ግን ቅነሳው 25 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። 120 ኪሎ የነበረ ሰው ወደ 82 ወርዶ ኋላ 90 ገባ እንደ ማለት ነው። ስምንት ኪሎ ተመለሰ፤ ሠላሳው ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ጥቂት ኪሎ መመለሱ የሚጠበቅ እንጂ የሕክምናው መክሸፍ ወይም የእርስዎ ስንፍና ማስረጃ አይደለም።

የትኛው ረሃብ ነው?

ከመብላትዎ በፊት «አሁን የተቀቀለ እንቁላል ቢቀርብልኝ እበላለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ «አዎን» ከሆነ ሆድዎ ርቦታል፤ ይብሉ። እንቁላሉን የማይፈልጉ ነገር ግን ብስኩት የሚያምርዎ ከሆነ የተጠማ፣ የደከመ ወይም የተጨነቀ ሰውነት ሊሆን ይችላል። ምግብ ከበሉ ከ1 እስከ 3 ሰዓት በኋላ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያልብና ድንገት የሚያስርብ ከሆነ ደግሞ ጣፋጭ ከበሉ በኋላ የደም ስኳር ከመጠን በላይ መውረዱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

በማዕድ ላይ

1. ፕሮቲን ይቅደም። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ያስፈልጋል። ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ 100 ግራም የበሰለ የዶሮ ሥጋ 30፣ ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ገደማ ይሰጣሉ። ከወጡ ሥጋውንና ምስሩን አስቀድመው፣ አትክልቱን አስከትለው ይብሉ። እንጀራው በመጨረሻ ቦታ ከተረፈ ይጨመር።

2. ውኃና ምግብ ይለያዩ። ከምግብ ጋር አይጠጡ፤ ከበሉም በኋላ 30 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። በቀረው ሰዓት ግን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጡ።

3. ሳያጠግቡ የሚያልፉትን ይወቁ። ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት፣ ኬክ፣ አይስክሬም፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ በትንሿ ጨጓራ ላይ ሳይቆዩ ያልፋሉ። ሥጋ ሦስት ጉርሻ የሚከብደው ሰው ብስኩቱን ሙሉ እሽግ ሊጨርስ ይችላል። ቡናም አይረሳ። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዳቸው በሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከተጠጡ ወደ 100 ካሎሪ ይደርሳሉ።

4. ቀኑን ሙሉ ከመቀማመስ የተወሰነ የምግብ ሰዓት ይኑርዎ። ቀስ ብለው አኝከው ይብሉ፤ በቃኝ ሲልዎ ያቁሙ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል አለን። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ትንሽ ጨጓራ ላለው ሰው «በአላህ ይሁንብህ፣ አንዲት ብቻ» ማለት ማስጨነቅ ነው። «ደግሞ ወፈርሽ እንዴ?» ማለትም ከዚያ አያንስም። የሚረዳው አብሮ በእግር መሄድና የቤቱን ማዕድ ማስተካከል ነው።

ረመዳን ሲመጣ

ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ጾሙን ከመያዙ ከሳምንታት በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት። ሐኪም ከፈቀደ፣ ኢፍጣር ላይ በአንድ ተምርና በጥቂት ውኃ አፍጥረው ከሶላቱ በኋላ በፕሮቲን ይጀምሩ። ሳምቡሳውና ጭማቂው ቀድመው ከገቡ ለሚጠቅመው ምግብ ቦታ አይኖርም። የቀን ምግብዎን ለኢፍጣር፣ ለመካከለኛው ሌሊትና ለሱሁር ያከፋፍሉ፤ ሱሁርን አይተዉ። ውኃውን ሌሊቱን ሁሉ በጥቂቱ ይጠጡ። ራስ ካዞረዎ፣ ካንቀጠቀጠዎ ወይም ሽንትዎ በጣም ከጠቆረ ጾሙን ማፍረስ ግድ ሊሆን ይችላል። ለበሽተኛ የተሰጠውን ፈቃድ መጠቀም ነውር አይደለም፤ ስለ ቀዷና ፊድያ ዓሊም ይጠይቁ።

ወደ ሐኪም መመለስ

ክብደቱ ቢመለስም ባይመለስም ምርመራው የዕድሜ ልክ ነው። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረት፣ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በየጊዜው መታየት አለባቸው፤ የታዘዘልዎን ቫይታሚን አያቋርጡ። ወፍራም ሰውም በደም ማነስና በአጥንት መሳሳት ሊጎዳ ይችላል። እጅና እግር ከደነዘዘ፣ ማስመለሱ ካልቆመ፣ ዓይነ ምድር ከጠቆረ ወይም ሆድ በጣም ካመመ ሳይዘገዩ ይታከሙ። በተለይ ባይፓስ ያደረጉ ሰዎች ለራስ ምታትም ሆነ ለጉልበት አይቡፕሮፌን የመሳሰሉትን በራሳቸው አይውሰዱ፤ ቁስለት ያመጣሉ።

ዛሬ ሐኪሞች ረሃብን የሚያስታግሱ መድኃኒቶች አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ሰማግሉታይድ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለክብደት ሕክምና ተፈቅዷል። ለአንዳንዱም ዳግም ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ነገር ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከገበያ ተገዝቶ የሚወጋ መርፌ አደጋ ነው።

የደም ግፊት ያለበት ሰው ግፊቱ ሲጨምር «አፈርኩ» ብሎ አይደበቅም፤ መድኃኒቱ እንዲስተካከልለት ይሄዳል። ውፍረትም እንደዚያው ነው። ቀጠሮዎን ካቋረጡ ዓመታት ቢያልፉም ዛሬ መልሰው ይያዙ። የሚበሉትን የሦስት ቀን ምግብ ጽፈው፣ የሚወስዷቸውንም መድኃኒቶች ይዘው ይሂዱ። አላህ ለሁላችንም ጤናውን ይስጠን።