እንቅልፍና የነርቭ ሕመም

ባርቢቹሬት የሚባሉት ማስተኛ መድኃኒቶች በጀርመን የተወለዱ ናቸው፤ ባርቢታል በ1903፣ ፌኖባርቢታል በ1912 (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ዋሉ። ጋባ የተባለውን የአንጎል አረጋጊ ኬሚካል ሥራ ያጠናክራሉ፤ በነርቭ ሕዋሱ ላይ ያሉት የክሎራይድ በሮች ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍተው ስለሚቆዩ ሕዋሱ ይረጋጋል። ታዲያ ነርቩ ተጎድቶ ሌሊቱን ሙሉ እግሩን ሲያቃጥለው ለሚያድር የስኳር ሕመምተኛ መፍትሔ ይሆናሉ? አይመስለኝም። ማስተኛት ሕመምን ማስታገስ አይደለም፤ እንዲያውም በአነስተኛ መጠን ሲወሰዱ የሕመም ስሜትን ሊያባብሱ እንደሚችሉ ይታወቃል።

በደም ሥር የተሰጠ አሞባርቢታል የተባለ ባርቢቹሬት የቆዳ ንክኪ ብቻ የሚቀሰቅሰውን ሕመም እንደቀነሰ ያሳዩ ጥናቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይህን ማስረጃ ማቃለል አይገባም። ነገር ግን በሐኪም ክትትል ሥር ለጊዜው የታየ ውጤት በየማታው ለሚዋጥ ክኒን ዋስትና አይሆንም፤ ሰውነት ይለምደዋል፣ ሱስ ያስይዛል፣ መጠኑ ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ካርባማዜፒንም እኮ እንደ ፌኖባርቢታል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ ሳለ የነርቭ ሕመም ያስታግሳል የሚል ይኖራል። አዎ፣ ግን የሚሠራው በዋናነት በሶዲየም በሮች ላይ ነው፤ ፊት መታጠብ ወይም ጥርስ መፋቅ የሚቀሰቅሰውን ድንገተኛ የፊት ነርቭ ሕመም የሚያስታግሰውም የተጎዳው ነርቭ የሚለቀውን ተደጋጋሚ መልእክት ስለሚገታ ነው። ፌኖባርቢታል በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ለሚጥል በሽታ ያለው ዋጋ ግን ትልቅ ነው፤ ለዚህ በሽታ የሚወስደው ሰው ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ቢያቋርጠው በሽታው በርትቶ ሊነሳበት ይችላል።