በከበባው መሐል የተገኘች ፍሬ

የጦርነት ዜና ሲነገር የምንሰማው የሟቾችን ቁጥር ነው። የዚያ ከተማ እናት ለልጆቿ ምን እንደምታበስል የሚነግረን የለም። ሶሪያዊቷ ዋድ አልከቲብ ከእንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዋትስ ጋር በሠራችው «ለሰማ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ያሳየችን ይህንኑ ጓዳ ነው።

ሰማ ልጇ ናት፤ ስሟ በዐረብኛ ሰማይ ማለት ነው፣ ከእኛው ቃል ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በሐለብ (አሌፖ) ተወለደች። አባቷ ሐምዛ ሐኪም ነው፤ የሚኖሩትም ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። በዚያው ዓመት በሐምሌ አያቶቿን ለመጠየቅ ቱርክ ሄደው ሳለ ምሥራቅ ሐለብ እየተከበበች መሆኑን ሰሙ። ጨቅላዋን ይዘው ተመለሱ! ትክክል ነበሩ? እኛም ተከራክረንበታል፤ አልተስማማንም።

ከአእምሯችን ያልወጣው ግን ቦምቡ አይደለም። ከበባው ጠንቶ ፍራፍሬ በጠፋበት ሰሞን አንድ አባወራ ቲማቲም የምትመስል አንዲት ጣፋጭ ፍሬ ለሚስቱ ይዞላት ይገባል። ሴትየዋ እንደ ልጅ ትፈነድቃለች። ቴምርና ሳምቡሳ ከሞላው የኢፍጣር ማዕድ ፊት ተቀምጦ ይህን ማየት ይከብዳል። ሌላ ቦታ ልጆች የተቃጠለ አውቶቡስ ቀለም ይቀባሉ።

ፊልሙ በ2019 በካን ፌስቲቫል የምርጥ ዘጋቢ ፊልም ሽልማት አግኝቷል። የቆሰሉ ሕፃናት ይታዩበታልና፣ ከተራዊሕ በኋላ ትንንሾቹ ሲተኙ ብትከፍቱት ይሻላል።