ሰላምን ደጅ ለደጅ ማስተማር፤ የዲፕስሉት ወጣቶችና የኀይል አልባ ትግል ትምህርት

ከጆሃንስበርግ በስተሰሜን፣ ባለጠጎች በግንብና በዘበኛ ታጥረው ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች ብዙም ሳይርቅ፣ ዲፕስሉት የሚባል መንደር አለ። የአፓርታይድ አገዛዝ በወደቀ ማግሥት በ1995 (እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ከዜቨንፎንቴይን የተነሡ ድኾች ለጊዜው እንዲያርፉበት የተመሠረተው ይህ ሥፍራ፣ ኋላም ከአሌክሳንድራ የተነሡት ተጨምረውበት፣ ጊዜያዊ መባሉ ቀርቶ ከተማ አከለና በ2011 ቈጠራ 138 ሺህ ያህል ነዋሪ ተገኘበት። በቆርቆሮ ቤቶቹ መካከል ብዙ ቤተ ሰብ ባንድ የቧንቧ ውኃና ባንድ መጸዳጃ ይገለገላል፤ የአገሩ ተወላጅ ከዚምባብዌና ከሞዛምቢክ ከመጣው ስደተኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቆ ያድራል፤ ሥራ ያጣው ወጣትም ብዙ ነው። ወገኖቻችን «ሎኬሽን» እያሉ በሚጠሯቸው እንዲህ ባሉ መንደሮች ሱቅ ከፍተው የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ፣ የዲፕስሉት ነገር ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

በ2022 በኤፕሪል ወር መጀመሪያ፣ ባንድ ቅዳሜና እሑድ ሰባት ሰዎች በመንደሩ ስለ ተገደሉ፣ ነዋሪው ጠባቂ አጣን ብሎ መንገድ ዘግቶ ጮኸ፤ የፖሊስ ሚኒስትሩም ወደ መንደሩ መጡ። ሕዝቡ ያሰማው አቤቱታ እውነት ነበረው፤ ዳሩ ግን ያ ቍጣ የሚገራውና የሚመራው ስላጣ፣ በወሩ በ6ኛው ቀን ማታ ጥቂት ሰዎች በየቤቱ እየዞሩ፣ ደጅ እየመቱ፣ ከሰው ሁሉ የመታወቂያ ወረቀት ይጠይቁ ጀመር፤ የአራት ልጆች አባት የነበረ አንድ የ43 ዓመት ዚምባብዌያዊም በዚያች ሌሊት ተደብድቦ በእሳት ተቃጠለ። ይህም የመጀመሪያው አልነበረም፤ በ2008 በሜይ ወር ከአሌክሳንድራ ተነሥቶ ዲፕስሉትን ጨምሮ ብዙ መንደሮችን ያዳረሰው፣ በመጻተኞች ላይ የተቃጣው ሁከት በመላ አገሪቱ የ62 ሰዎች ሕይወት አልፎበታል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳዝነው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የኀይል አልባ ትግል የተወለደው በዚሁ በጆሃንስበርግ፣ ያውም በዚሁ በወረቀት ምክንያት መሆኑ ነው። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1906 ሞሃንዳስ ጋንዲና 3 ሺህ ያህል ሰዎች በኤምፓየር ቴአትር ተሰብስበው፣ እስያውያን ሁሉ አሻራቸውን ሰጥተው የምዝገባ ወረቀት እንዲይዙ የሚያዘውን ሕግ ላለመቀበል በእግዚአብሔር ስም ማሉ። በኦገስት 16 ቀን 1908 ደግሞ በሐሚዲያ መስጊድ አጠገብ ከ2 ሺህ የሚበልጥ የምዝገባ ወረቀት ባለ ሦስት እግር በሆነ ታላቅ የብረት ድስት ውስጥ ተጨምሮ፣ ላምባ ፈስሶበት ነደደ። እነዚያ ሰዎች ወረቀቱን አቃጠሉ እንጂ ወረቀት የጠየቃቸውን ሰው አላቃጠሉም፤ ስለዚህም የመጣባቸውን እስራት በትዕግሥት ተቀበሉ።

እንዲህ ያለው ጽናት ባንድ ቀን መሐላ ብቻ የሚገኝ አይደለምና ትምህርት ቤት አስፈልጎት ነበር። በ1910 ኸርማን ካለንባኽ የተባለው አርክቴክት በሎሊ አጠገብ የነበረውን 1,100 ኤከር የሚያህል መሬቱን ለታጋዮቹ ቤተ ሰቦች ስለ ፈቀደላቸው የቶልስቶይ እርሻ ተቋቋመ። በዚያም የሂንዱ፣ የእስላም፣ የክርስቲያንና የፓርሲ ልጆች ባንድነት መሬት እየቈፈሩ፣ ነጠላ ጫማ እየሠሩ፣ ፊደል እየቈጠሩ አደጉ፤ የእስላሞቹ ልጆች ረመዳንን ሲጾሙም ሌሎቹ አብረዋቸው ጾሙ። ስለ ፍቅረ ቢጽ ብዙ ስብከት ከመስማት፣ ከባልንጀራ ጋር ተርቦ የማፍጠሪያውን ሰዓት አብሮ መጠበቅ ለሕፃን ልብ የበለጠ እንደሚገባ ይህ የገዳም ሥርዓት የመሰለ ኑሮ ያስረዳል።

ይህ መንገድ ሁልጊዜ ድል አስገኝቷል ብሎ መናገር ግን ሐሰት ይሆናል። በማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል፣ የይለፍ ወረቀትን ለመቃወም ባዶ እጁን በወጣው ሕዝብ ላይ ፖሊሶች ተኩሰው 69 ሰዎች ስለ ገደሉ፣ ብዙዎች በሰላማዊ ትግል ተስፋ ቈረጡ፤ ኔልሰን ማንዴላም በ1962 ወደ አገራችን መጥተው በኮልፌ፣ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ባሉበት፣ የጦር ትምህርት ቀሰሙ። ይሁን እንጂ ከ1983 ጀምሮ በተባበረው ዴሞክራሲያዊ ግንባር ጥላ ሥር የተሰባሰቡት አብያተ ክርስቲያናት፣ የተማሪዎችና የሠራተኞች ማኅበራት፣ ከነጮች ሱቅ አንገዛም፣ ኪራይ አንከፍልም እያሉ በማደማቸው አገዛዙን ካዳከሙት ኀይሎች አንዱ ሆነዋል።

ወደ ዛሬው ዲፕስሉት ስንመለስ፣ ጠቡ በጎዳና ብቻ ሳይሆን በየጓዳውም ተደብቆ እናገኘዋለን። ሶንኬ ጀንደር ጀስቲስ የተባለው ድርጅትና የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 40 ዓመት የሆናቸውን ከ2 ሺህ የሚበልጡ የመንደሩን ወንዶች በ2016 በጠየቁ ጊዜ፣ ከመቶው 56ቱ ባለፈው ዓመት ውስጥ ሴት መደብደባቸውን ወይም መድፈራቸውን በገዛ አንደበታቸው ተናዘዋል። ከዚያም ወንዶች ተሰብስበው ወንድነት ምን እንደ ሆነ የሚወያዩበት ትምህርት ተከፈተ፤ የየሰፈሩ በጎ ፈቃደኞችም ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ሰላም መነጋገር ያዙ። በ2022 ያ ቡድን ወረቀት ሊጠይቅ በመታው ደጅ፣ እነዚህ ቀድመው ለምክክር ቆመውበት ነበር ማለት ነው። ትምህርቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በተመዘነ ጊዜ ግን፣ በደረሳቸውና ባልደረሳቸው ሰፈሮች መካከል ጐልቶ የሚታይ ልዩነት አልተገኘም። ይህ ተስፋ የሚያስቈርጥ ሳይሆን የሥራውን ክብደት የሚያሳይ ነው፤ ይኸው ጥናት እንዳመለከተው ከሚመቱት ወንዶች ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው የተመቱ ናቸውና፣ በልጅነት የገባውን ቍስል በአጭር ጊዜ ምክር ማሻር አይቻልም፤ ትምህርቱ ከሕፃንነት መጀመርና ከእንጀራና ከፍትሕ ጋር መጣመር አለበት።

ይህንኑ እውነት በፍልስጤም ምድር የሚደክሙትም ያውቁታል። ሙባረክ ዐወድ በ1980ዎቹ በኢየሩሳሌም የኀይል አልባ ትግል ጥናት ማእከል አቋቁመው፣ ባዶ እጅ የሆነ ሕዝብ መብቱን እንዴት እንደሚጠይቅ ሲያስተምሩ በ1988 ከአገር ተባረዋል። ሰላምን ማስተማር ግፍን በዝምታ ማለፍ ቢሆን ኖሮ፣ አስተማሪውን ማባረር ባላስፈለገም ነበር። እርሳቸው ከሄዱም በኋላ፣ በ1998 በቤተ ልሔም የተመሠረተው ሆሊ ላንድ ትረስት ይህንኑ ትምህርት ለወጣቶች ማዳረሱን ቀጥሏል።

በዲፕስሉት የዚያ ዚምባብዌያዊ ግድያ ከመፈጸሙ ዐሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ ኮፓናንግ የተባለው የማኅበራት ጥምረት የመጤ ጥላቻን በመቃወም በጆሃንስበርግ ሰልፍ ወጥቶ ነበር፤ ሰልፉም መጀመሪያ ተከልክሎ በፍርድ ቤት ውሳኔ የተፈቀደ ነው። ሰልፉ ያን ሰው ከሞት አላዳነውም፤ አንድ ቀን የወጣ ሰልፍ በየመንደሩ ሥር ያልሰደደውን የሰላም ልማድ ሊተካ አይችልምና። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው የአበው ቃል እውነት የሚሆነው፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ጋሻ እንዲሆን ከልጅነቱ ሲለማመድ ነው። ማንነቱን ተጠይቆ የተበደለ ሰው ባገራችንም አልጠፋም፤ እንግዲህ ወላጅ በማዕዱ፣ መምህር በሰሌዳው፣ ካህንና ሼኽ በዐውደ ምሕረቱና በመስጊዱ፣ ወጣቱ በቍጣው ላይ ሠልጥኖ ፍትሕን በንጹሕ እጅ እንዲጠይቅ ዛሬ ማስተማር ይገባቸዋል፤ ጠብ በነደደበት ሌሊት ለመማር ጊዜ የለምና።