አራሹ ትል

በአዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ዳገት ላይ ያለ ጓሮ ክረምት ሲገባ ጎርፍ ላዩን ይጠርገዋል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ዶማ አላስገባ ይላል። ሁለቱም የሚብሱት አፈሩ ፍርፍርነቱን ሲያጣ ነው። ይህን ፍርፍርነት ከሚሰጡት አንዱ የምድር ትል ነው።

ትሉ አፈሩን ከበሰበሰ ቅጠል ጋር ይውጣል። ሆዱ ውስጥ ተላቁጦ በንፍጡ ተለውሶ የሚወጣው ኩስ ሲደርቅ ውሃ በቀላሉ የማያፈርሰው እንክብል ይሆናል፤ ተክል ሊስበው የሚችል ናይትሮጅንና ፎስፈረስም በዙሪያው ካለው አፈር ይልቅ በውስጡ ይበዛል። የሚተወው ቀዳዳ ዝናቡን ወደ ታች ያስገባል፣ ሥርም ይከተለዋል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1881 ባሳተመው የመጨረሻ መጽሐፉ፣ በእንግሊዝ በብዙ ቦታ ከአንድ ሄክታር በዓመት 25 ቶን ያህል አፈር በትል ሆድ እንደሚያልፍ ገምቷል።

ሁሉም ትል ግን አራሽ አይደለም። ረግፎ በተከማቸ ቅጠል ውስጥ የሚኖር አለ፤ አፈር እየበላ ወደ ጎን የሚቦረቡር አለ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ሌሊት ቅጠል እየጎተተ የሚያስገባም አለ። ለማዳበሪያ ሥራ የሚሸጠው ቀይ ትል፣ አይሴኒያ ፌቲዳ፣ የመጀመሪያው ወገን ነው። ጓሮው ላይ የበተነው ሰው ገንዘቡን በተነ፤ የዚህ ትል ቦታ ሳጥን ነው፣ ወደ መደቡ የሚሄደውም ኩሱ ብቻ ነው። አራሾቹን መግዛት አያስፈልግም። እዚያው አፈሩ ውስጥ አሉ፤ በበጋ ጠልቀው ተጠቅልለው ይተኛሉ፣ ዝናብ ሲገባ ይነሳሉ። የሚያንሳቸው ምግብ ነው።

ምግባቸውን የምንወስደው እኛ ነን። እበቱ ኩበት ይሆናል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፤ የድንች ልጣጩ፣ የቡና አተላውና የጫት ገራባው ከፌስታልና ከባትሪ ጋር ተደባልቆ ቆሻሻ መጣያ ይደፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ትንተና ትል ባለበት አፈር ምርት በአማካይ 25 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ጭማሪው ግን የሰብል ቅሪት ወደ መሬቱ በተመለሰ መጠን ያድጋል፤ ናይትሮጅን በበዛበት አፈር ደግሞ ይጠፋል። ስለ ትል የሚሰብክ ሰው ይህን ሁለተኛውን ክፍል ሲዘል አልወድለትም።

በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ለሚያለሙ አትክልተኞች ሌላ ጣጣ አለ። ፍሳሽ ያመጣውን ክሮምና ካድሚየም ትል አያጠፋም፤ ካድሚየምን እንዲያውም በሰውነቱ ያጠራቅማል፣ የለቀመችው ዶሮም ትወርሰዋለች። ባትሪና ቀለም የገባበት ቆሻሻም በትል ቢያልፍ ብረቱ እዚያው ስለሚቀር፣ ለጎመን መደብ የሚሆነው ከማድቤት ተለይቶ የወጣው ብቻ ነው።