የመታጠቢያ ቤት ካውንተር፦ ማርብል፣ ግራናይት፣ ቴራዞ ወይስ ሴራሚክ? ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ



ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳና ጣሪያውን ጨርሶ «ፊኒሺንግ» ላይ ሲደርስ ገንዘቡም ትዕግሥቱም ተሟጦ ነው። መታጠቢያ ቤት የሚሠራው ደግሞ በዚያን ሰዓት ነው። ስለዚህ የእጅ መታጠቢያው ሳህን የሚያርፍበት ገበታ፣ ባለሙያዎቹ «ካውንተር» የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት ይገዛል። «ነጩ ያምራል» ይባልና ይመጣል። ጥቂት ቆይቶ መስታወት የመሰለው ፊቱ ይደበዝዛል፣ ሳሙናው የሚቀመጥበት ቦታ ይበልዛል። ያን ጊዜ ነቅሎ መቀየር ሁለተኛ ወጪ ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምር። ካውንተር ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ይፈስበታል? በምን ይጸዳል? ቢሰበር ማን ይጠግነዋል? መልኩ ከነዚህ በኋላ ይምጣ።

1. ማርብል (ዕብነ በረድ)

ማርብል የአገራችን ሀብት ነው። ጎረቤታችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በተለይ የመተከል አካባቢ፣ በማርብሉ ይታወቃል። ያምራል፣ ለመቁረጥም ይቀላል። ግን ባሕርይውን ማወቅ ያስፈልጋል። ማርብል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ደግሞ አሲድ ሲነካው ይበላል። ሎሚ አሲድ ነው፣ ኮምጣጤ አሲድ ነው፣ የሽንት ቤት ማጽጃ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹም አሲድ ናቸው።

ይሄ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚበላበት ቤት አስቡ። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ የእጁን ቅባትና ሽታ የሚያስለቅቀው በሎሚ ነው። የተጨመቀውን ሎሚ ካውንተሩ ላይ ትቶት ይሄዳል። ፊቱ የተወለወለ ማርብል ከሆነ ሎሚው ያረፈበት ቦታ በደቂቃዎች ውስጥ ይደበዝዛል። ይሄ ቆሻሻ ስላልሆነ በሳሙና ብታሹት አይለቅም፤ ድንጋዩ ራሱ ተበልቷል። የሚመለሰው በማሽን እንደገና ሲወለወል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅባት ነው። ፀጉሯን ለጋ ቅቤ የተቀባች እናት እጇን ካውንተሩ ላይ ብታሳርፍ፣ ማሸጊያ ያልተቀባ ማርብል ቅቤውን ይመጠዋል። የበርበሬ አገር ሰዎች ነንና በርበሬ የነካ እጅም ነጭ ድንጋይ ላይ ምልክት ይተዋል።

ታዲያ ማርብል አይገዛ ማለታችን ነው? አይደለም። ትንሽ ቤተሰብ ባለበት፣ በለስላሳ ሳሙና ብቻ በሚጸዳ ቤት ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለሆቴል፣ ለሥጋ ቤትና ብዙ ሰው ለሚጠቀምበት ቤት ግን አንመክርም።

2. ግራናይት

ግራናይት ሌላ ዓይነት ድንጋይ ነው። የድንጋይ ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት ሞህስ በሚባለው መለኪያ ማርብል 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ነው። ቢላ አይጭረውም ማለት ይቻላል፣ ሎሚና ኮምጣጤም አይበሉትም። በአገራችን የሐረርጌው የባቢሌ ግራናይት የታወቀ ነው፤ ከውጭ የሚገባም አለ።

ችግሩ ዋጋውና ክብደቱ ነው። 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ግራናይት በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ከሥሩ የሚሸከመው ነገር፣ ብረትም ይሁን የግንብ እግር፣ ጠንካራ ይሁን። ግራናይትም ትንሽ ትንሽ ውሃና ቅባት ስለሚመጥ ሲገጠም የድንጋይ ማሸጊያ ይቀባ። ጥቂት የውሃ ጠብታ አድርጋችሁ እዩት፤ ውሃው እንደ ዶቃ ከቆመ ማሸጊያው አለ፣ ከሰረገና ድንጋዩ ከጠቆረ እንደገና መቀባት አለበት።

3. ቴራዞ

ቴራዞ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የድሮ ትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ወለል ነው። ግን ለካውንተርም ይሆናል። የማርብል ስብርባሪ ከሲሚንቶ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስሳል፣ ሲደርቅ ይሞረድና ይወለወላል። ትልቁ ጥቅሙ እዛው ቤታችሁ ውስጥ በልካችሁ መፍሰስ መቻሉ ነው። ሲሰነጠቅም በአካባቢው ባለሙያ ይጠገናል። ጉዳቱ ከማርብል ጋር አንድ ነው፦ ሲሚንቶውም የማርብል ስብርባሪውም አሲድ አይወዱም።

4. ሴራሚክና ፖርሴሊን

ብዙው ሰው አቅሙ የሚፈቅድለት ይሄ ነው፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ብረት ያለው የኮንክሪት ገበታ ይፈስሳል፣ ከላዩ ሴራሚክ ይለበጣል። ፖርሴሊን ካገኛችሁ ይበልጣል፤ የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሎሚ አይበላውም፣ ቅቤ አይገባበትም። ደካማ ጎኑ በሴራሚኮቹ መሀል ያለው መጋጠሚያ ነው። እሱ ይጠቁራል፣ ውሃም ያስገባል። ስለዚህ ትልልቅ ሴራሚክ ምረጡ፣ መጋጠሚያው ቀጭን ይሁን። ሲገዛም ሁለት ሦስት ፍሬ ትርፍ ያዙ፤ አንዱ ቢሰበር ያንኑ ቀለም በዓመቱ ላታገኙት ትችላላችሁ።

5. ቺፑድና ኤምዲኤፍ

በአጭሩ፦ ለቁም ሣጥን ይሁን፣ ለመታጠቢያ ቤት ገበታ ግን አይሁን። ሁለቱም የተጨመቀ እንጨት ናቸው። ውሃ በጠርዙ ከገባ ያብጣሉ፣ ካበጡ አይመለሱም። ከሥር ያለው ሣጥን የግድ ከነሱ ከተሠራ ወለሉን እንዳይነካ እግር ይደረግለት።

6. ኳርትዝ

አዲስ አበባ ላይ አሁን አሁን «ኳርትዝ» የሚባል ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይሸጣል። የኳርትዝ ዱቄት በሙጫ ተጋግሮ የሚሠራ ነው። ጠንካራ ነው፣ አይመጥም፣ ማሸጊያም አይፈልግም። ነገር ግን ስለሚቆርጠው ልጅ እናስብ። ኳርትዝ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ነገር ሲቆረጥ እንደ ጭስ የደቀቀ አቧራ ይሆናል። እሱን ደጋግሞ የተነፈሰ ሰው ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን የሳንባ በሽታ ይይዘዋል። አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይሄን ድንጋይ ከልክላለች። ግራናይትም ሲሊካ አለበት፣ መጠኑ ያንሳል እንጂ። ስለዚህ የትኛውም ድንጋይ በደረቁ በግራይንደር አይቆረጥ፤ ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጥ። አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን አይበቃም። ቤታችሁ መጥቶ የሚቆርጠውን ወጣት «ውሃ አምጡለት» ማለት ምንም አያስከፍልም።

ከመክፈላችሁ በፊት

👉 በሎሚ ፈትኑ። ሻጩን አስፈቅዳችሁ ከቁርጥራጩ ፊት ላይ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ 10 ደቂቃ ጠብቁና ጥረጉት። ከደበዘዘ ማርብል ነው። «ግራናይት ነው» ብሎ ማርብል የሚሸጥላችሁን በዚህ ትለዩታላችሁ።

👉 ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ። ድንጋይ የሚሸጠው በካሬ ነው። ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 55 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካውንተር 0.66 ካሬ ነው። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 0.78 ይሆናል። ለሳህኑ የሚወጣው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አይቀነስላችሁም። ጠርዝ ማለስለሻና ቀዳዳ ማውጫ ለብቻ ይጠየቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ።

👉 ሳህኑን መጀመሪያ ግዙ። ቀዳዳው የሚቆረጠው በሳህኑ ልክ ነው። ከቀዳዳው ፊትና ኋላ የሚቀረው ድንጋይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ድንጋይ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው።

👉 ማጓጓዣውን አስቡ። ከአዲስ አበባ እስከ ቡሬ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋይ በጀርባው ተኝቶ ከተጫነ ይሰነጠቃል። በጠርዙ ቆሞ፣ ታስሮ፣ መሀሉ ካርቶን ገብቶ ይጫን። መንገድ ከተዘጋ የተሰበረውን የሚተካ ሌላ ድንጋይ ቶሎ አይመጣም። መንገድ ላይ ቢሰበር ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ።

👉 ሲገጠም ወደ ሳህኑ በጥቂቱ ያዘንብል። ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሲሊኮን ይደፈን። በሮቶና በጀሪካን ውሃ በምንጠቀምበት አገር ካውንተር ላይ ውሃ መቆሙ አይቀርም።

እኛስ ምን እንላለን? አቅም ካለ ግራናይት። አቅም ከሌለ በደንብ በፈሰሰ ኮንክሪት ላይ ፖርሴሊን። ማርብልና ቴራዞ የወደደ ሰው ደግሞ የሽንት ቤት አሲድ አጠገባቸው አያድርስ፣ በለስላሳ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ያጽዳቸው። አንድ ነገር ሳንዘነጋ፦ በረኪናና አሲድ ፈጽሞ አይቀላቀሉ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሰው ይጥላል።

ቤት እየሠራ ላለ ወዳጃችሁ አድርሱት።