ዲስኩ ሳይጎድል ቍጥሩ ሲጎድል

ሰው ከእንስሳት ተለይቶ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፥ ያየውንና የሰማውን፥ የሠራውንና የተዋዋለውን ጽፎ ለተከታዩ ትውልድ ማቈየቱ ነው። የመንግሥት ሥራ በመዝገብ ይጸናል፤ ቤተ ሰብም ቢሆን ያለ ጽሕፈት የቤቱን ውልና የልጆቹን የልደት ቀን አስተካክሎ ለመናገር ይቸገራል። ስለዚህ ጽሕፈት የሚቀመጥበትን ዕቃ ጠባዩን ማወቅ የሹምም የባለ ትዳርም ተግባር ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ለመረዳት የጁባን ከተማ መመልከት ይበቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን። በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኘው ጁባ፥ በ1947 የሰሜንና የደቡብ ሱዳን ሰዎች ስለ ወደፊት ዕድላቸው የተነጋገሩበት ጉባኤ ተደርጎባታል፤ በ1972 በአዲስ አበባ ከተፈረመው የሰላም ውል በኋላ የደቡብ ሱዳን ራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ ከጁላይ 9 ቀን 2011 ጀምሮም የነጻዪቱ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ ናት። በሃያኛው መቶ ዓመት ውስጥ የተጻፈው የአስተዳደር ወረቀት ብዙው ክፍል በጁባ በድንኳን ውስጥ ተከማችቶ ለብዙ ጊዜ ለዝናብና ለተባይ ተጋልጦ ቈይቶ ነበር። በኋላ ግን ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ድርጅት ከአገሪቱ መንግሥት ጋር ተባብሮ፥ ወረቀቱ እየተለየ እንዲመዘገብና ምስሉ እየተነሣ ወደ ኮምፒዩተር እንዲገባ አድርጓል።

ወረቀት ከድንኳን ወጥቶ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግን የጠባቂው ሐሳብ አያበቃም፤ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ይጀመራል። በዚህም ጥበቃ ውስጥ በመሥሪያ ቤትም በመኖሪያ ቤትም ብዙ ሰው የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ይኸውም አሮጌ ኮምፒዩተር የአዲስን ሃርድ ዲስክ ይዞታ በሙሉ አላውቅም የሚል መሆኑ ነው። እኛም ዛሬ ይህን ለክቡራን አንባቢዎቻችን በተቻለ መጠን አቅልለን ለማስረዳት ወደድን።

ሃርድ ዲስክ ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ ተገጥሞ፥ ወይም ከውጭ በገመድ ተያይዞ፥ ጽሕፈትን፥ ሥዕልንና ድምፅን የሚያከማች ዕቃ ነው። ይዞታው ስንል በውስጡ ሊይዝ የሚችለውን መጠን ማለታችን ነው። መለኪያውም ባይት ይባላል። አንድ ሺህ ሚሊዮን ባይት አንድ ጊጋባይት፥ አንድ ሺህ ጊጋባይት ደግሞ አንድ ቴራባይት ነው።

እንግዲህ በአንድ የጁባ ቤት ውስጥ ከ2010 በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር አለ እንበል። ባለቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ወረቀት፥ የልጆቹ ፎቶግራፍና የሠርጉ ፊልም ስለ በዛበት፥ 3 ቴራባይት የሚይዝ ዲስክ ገዝቶ አያያዘ። ኮምፒዩተሩ ግን ይዞታው 746 ጊጋባይት ብቻ መሆኑን አሳየው። በዚህ ጊዜ ሰው ከሁለት ነገሮች አንዱን ለማድረግ ይቸኵላል፤ ወይ ነጋዴው አታለለኝ ብሎ ለጠብ ይነሣል፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ዲስኩ ፎርማት ይደረግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው «ይሁን» ብሎ ይጫናል። ሁለተኛው ከፊተኛው የባሰ ነው። ፎርማት ማድረግ ዲስኩን እንደ አዲስ ማሰናዳት ስለ ሆነ፥ ቀድሞ የተጻፈበት ነገር ካለ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ዳሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ምንም አልጎደለም፤ የጎደለው የአሮጌው ኮምፒዩተር የቍጥር ችሎታ ነው።

ነገሩን በመዝገብ ቤት ሥራ ብንመስለው በቶሎ ይገባል። አንድ የደብዳቤ መዝገብ ሲሰመር ለቍጥር የተሰጠው ሦስት ቤት ብቻ ነው እንበል። ጸሓፊው ከ000 እስከ 999 ድረስ ያለ ችግር ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ 1000 ሊባል ሲገባው፥ ፊተኛዋ 1 የምትጻፍበት ቤት ስለሌለ 000 ሆኖ ይቀራል። 1746ኛው ደብዳቤም በመዝገቡ ላይ 746 ተብሎ ይነበባል። ደብዳቤዎቹ በመደርደሪያው ላይ ሁሉም አሉ፤ የጠበበው የመዝገቡ መስመር ነው።

ዲስክም እንዲሁ ሴክተር በሚባሉ ትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ሲሆን፥ በተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዛል። ኮምፒዩተሩ ለያንዳንዱ ሴክተር ቍጥር ይሰጣል፤ ቍጥሩንም የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። ለቍጥሩ የተሰጠው ቤት 32 ከሆነ፥ ሊቈጠር የሚችለው 4,294,967,296 ሴክተር ነው፤ ይህም 2.2 ቴራባይት ያህል ይሆናል። ከ3 ቴራባይት ላይ 2.2 ሲነሣለት የሚተርፈው 0.8 ቴራባይት ያህል፥ በኮምፒዩተሩ አቈጣጠር 746 ጊጋባይት ነው። ስለዚህ ያ ያስደነገጠው ቍጥር እንዲያው በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ከወሰኑ ያለፈው ትርፍ ብቻ ተነቦ ነው።

ኮምፒዩተር ሠሪዎች በየዘመናቸው ይበቃል ያሉትን የቍጥር ቤት ሲሰጡ ስለ ኖሩ፥ ወሰኑ ብዙ ነው። በጥንቶቹ ኮምፒዩተሮች ወሰኑ 528 ሚሊዮን ባይት ነበር። ቀጥሎ 8.4 ጊጋባይት፥ ከዚያም በአንዳንዶቹ ላይ 33.8 ጊጋባይት ሆነ። ከዚህ በኋላ የመጣው 28 የቍጥር ቤት የነበረው ሲሆን፥ ወሰኑ 137 ጊጋባይት ነበር፤ ይህም በ48 ቤት እንዲተካ የተደነገገው በ2002 ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ የተባለው ሥርዓት በ2001 ሲወጣ ይህን አዲስ አቈጣጠር አያውቅም ነበር፤ ያወቀው በ2002 በወጣው የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው። በመጨረሻም የዲስኩን ክፍልፍል የሚመዘግበው ኤም ቢ አር የተባለው አሮጌ ሠንጠረዥ 32 የቍጥር ቤት ብቻ ስላለው በ2.2 ቴራባይት ይቆማል፤ ጂ ፒ ቲ የተባለው አዲሱ ሠንጠረዥ ግን ከዚህ እጅግ አርቆ ይቈጥራል።

ከዚህ ሁሉ የሚለይ፥ ጒድለት የሚመስል ነገር ግን ጒድለት ያልሆነ ሌላ ልዩነት አለ። ዲስክ ሠሪው በሺህ እየቈጠረ 1 ቴራባይት ብሎ የጻፈበትን፥ ዊንዶውስ በ1024 እያካፈለ 931 ጊጋባይት ይለዋል። 500 ጊጋባይት የተባለውም 465 ሆኖ ይታያል፤ 3 ቴራባይት የተባለው ደግሞ 2794 ጊጋባይት ይሆናል። አንዱን እህል በትንሽ ቁናና በትልቅ ቁና ቢሰፍሩት የቁናው ቍጥር ይለያያል እንጂ እህሉ አይጎድልም። ስለዚህ ከመቶ ሰባት ወይም ዘጠኝ እጅ ያህል ቢቀንስ አንባቢዎቻችን ሊደነግጡ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ እንመለስ። ቍጥሩ ጎድሎ መታየቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ ነበር። ነገር ግን ሙሉውን ይዞታ አሟልቶ በሚያሳይ፥ ሲጽፍ ግን ከወሰኑ በላይ መቍጠር በማይችል አሮጌ መሣሪያ ላይ የሚደርሰው የከፋ ነው። ባለቤቱ ለብዙ ወራት ያለ ሥጋት ሲያከማች ይቈይና፥ ወሰኑን ባለፈበት ቀን ቍጥሩ ወደ 000 ይመለሳል። አዲሱ ጽሕፈት በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጻፋል። በዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ የትኛው ነገር የት እንዳለ የሚናገረው መዝገብ ይገኛል። መዝገቡ በተበላሸ ጊዜ የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ሳይሆን ሁሉም አብሮ የጠፋ ይመስላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ቀጥሎ ያለውን ሥርዓት መከተል ይገባል።

አንደኛ፥ ኮምፒዩተሩ ፎርማት ላድርግ ቢል እሺ አለማለት፤ ነገሩም እስኪጣራ ድረስ በዲስኩ ላይ ምንም አለመጻፍ።

ሁለተኛ፥ በዲስኩ ላይ የታተመውንና ኮምፒዩተሩ ያሳየውን ቍጥር በወረቀት ጽፎ ማስተያየት። በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው 128 ጊጋባይት አካባቢ ከሆነ የ28 ቤቱ ወሰን ነው፤ 2048 ጊጋባይት ከሆነ የኤም ቢ አር ወሰን ነው፤ 31.5 ጊጋባይት ከሆነ ደግሞ የ33.8 ወሰን ወይም በአሮጌ ዲስኮች ጀርባ ላይ ይዞታን ለመቀነስ የምትሰካ ጃምፐር የምትባል ትንሽ ማያያዣ ሊሆን ይችላል። ቍጥሩ ራሱ ሕመሙን ይናገራል።

ሦስተኛ፥ ዲስኩን በሌላ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ መሞከር። በዚያ ሙሉ ሆኖ ከታየ ዲስኩ ጤነኛ ነው። በዚያም ጎድሎ ከታየ፥ ዲስኩ የተቀመጠበትን የውጭ ማቀፊያ መጠርጠር ይገባል፤ በአሮጌ ማቀፊያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ራሷ ከ2.2 ቴራባይት በላይ የማትቈጥር ልትሆን ትችላለችና።

አራተኛ፥ በዊንዶውስ ውስጥ ዲስክ ማኔጅመንት የተባለውን ገጽ ከፍቶ መመልከት። ከትንሽ ዲስክ ወደ ትልቅ ዲስክ ሁሉ ነገር እንዳለ ሲገለበጥ፥ የቀረው ቦታ ሳይመደብ ባዶውን ይቀራል። ይህ ከሁሉ የቀለለው ነው፤ የነበረውን ክፍል ወደ ባዶው ቦታ ማስፋት ይበቃል።

አምስተኛ፥ ችግሩ የኤም ቢ አር ከሆነ ወደ ጂ ፒ ቲ መለወጥ ይቻላል። ነገር ግን በዲስክ ማኔጅመንት ለመለወጥ ዲስኩ ባዶ መሆን ስላለበት፥ አስቀድሞ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ግድ ነው። የተለመደው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጂ ፒ ቲን እንደማያነብም መታወቅ አለበት።

ስድስተኛ፥ ችግሩ ባዮስ ከተባለው፥ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ ከሚሠራው ፕሮግራም ከሆነ፥ ለማዘርቦርዱ ተብሎ የወጣ ማሻሻያ ካለ መጫን ይቻላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ መካከል መብራት ቢጠፋ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ እንዳይነሣ ሆኖ ሊቀር ይችላል። እንደ ጁባ መብራት በሚቋረጥበት፥ ብዙው ሰው በጄኔሬተርና በፀሐይ ኀይል በሚገለገልበት ከተማ ይህ ታላቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ነው። በባትሪ የተደገፈ ኀይል ሳይኖር ባይጀመር ይሻላል።

ይህ ሁሉ ካልሆነስ? አሮጌውን ኮምፒዩተር መጣል አያስፈልግም። ወሰኑን የማያልፍ ዲስክ፥ ለምሳሌ 2 ቴራባይት ወይም ከዚያ ያነሰ፥ ገዝቶ በዚያው መገልገል ይቻላል። ትልቁን ዲስክ ደግሞ አዲስ ኮምፒዩተር ላለው ክፍል ወይም ዘመድ ማዋል ነው። ዕቃን ከችሎታው በላይ አለማዘዝም የጥበብ ሥራ ነው።

ስለ ግዢም ጥቂት ቃል መጨመር ይገባናል። ጁባ ወደ ባሕር በር የሌላት አገር ከተማ ስለ ሆነች፥ ብዙው ዕቃ ከዩጋንዳ በኒሙሌ በኩል በመኪና ይገባል፤ 192 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የጁባና የኒሙሌ መንገድ አስፋልት ሆኖ የተጠናቀቀው በ2012 ነው። በዚህ መንገድ ከሚመጣው መካከል ያገለገለ ዕቃም አለ። በየትም አገር ገበያ ደግሞ ከያዘው በላይ የሚናገር የሐሰት ፍላሽና ዲስክ አይጠፋም። ይህ ከፊተኛው ነገር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ትንሽ ይዞ ሳለ ብዙ እንደሚይዝ ይናገራል፤ ከልኩ ያለፈውንም ጽሕፈት ያጠፋዋል። ስለዚህ አዲስ ዲስክ የገዛ ሰው ዋና ወረቀቱን ከማኖሩ በፊት፥ ዲስኩን በማያስፈልግ ነገር እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ እንዲያነበው እንመክራለን። ሙሉ ሆኖ ከተነበበ በኋላ ብቻ ይመነው።

በመጨረሻም ስለ ዋናው ነገር እንናገር። አንድ ዲስክ፥ ትልቅም ቢሆን ጤነኛም ቢሆን፥ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ ይወድቃል፥ ይሰረቃል፥ ይበላሻል። በዲሴምበር 2013 እና በጁላይ 2016 በጁባ ውጊያ በተነሣ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ጥሎ ሸሽቷል፤ እንዲህ ባለ ቀን ከቤት ጋር የማይቀረው አስቀድሞ በሌላ ቦታ የተቀመጠ ግልባጭ ብቻ ነው። የልጅን ፎቶግራፍም ሆነ የመሥሪያ ቤትን መዝገብ፥ በሁለት ዲስክ ገልብጦ በሁለት ልዩ ልዩ ቤት ማስቀመጥ ይገባል።

አገራችን «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ትላለች። የፈሰሰ እህል በእርግጥ ይለቀማል፤ ከዲስክ ላይ የተደመሰሰ ጽሕፈትን መልቀም ግን ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፥ ብዙ ጊዜም የማይሳካ ሥራ ነው። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ይዞታው ጎደለ ባለ ጊዜ፥ ለመደምሰስ ከመፍቀድ በፊት ቍጥሩን ጽፎ ማስላት የያንዳንዱ ጽሕፈት ጠባቂ ልማድ እንዲሆን እናሳስባለን።