ያገለገለ አልጋና የእድር እቃ ቤት

ደብረ ታቦር ላይ የቤት እቃ በዋዛ አይጣልም። እግሩ የተሰበረ ወንበር ማገዶ ይሆናል፤ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል፤ የነተበ ብርድ ልብስ ከፍራሽ ሥር ይነጠፋል። የተረፈውን ብረታ ብረትና ጠርሙስ ቆራሌው ይወስደዋል። ቆራሌ ደግሞ ነጋዴ ነው፤ ገዝቶ አትርፎ ይሸጣል፤ የአዲስ አበባው ብዙውን ጊዜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያደርሰዋል፤ እዚያ አሮጌ በርሜል ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይወጣል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። ገና የሚያገለግል አልጋ፣ ፍራሽ ወይም ድስት ከተረፈው ቤት ወጥቶ ከሌለው ቤት የሚገባበት የታወቀ በር የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ በር ሲነሳ ብዙ ሰው መቄዶንያን ይጠራል። ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በወላጆቹ ቤት ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ የጀመረው ማዕከል ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ይጦራል፤ ከገንዘብ ሌላ አልባሳትና ቁሳቁስም ይቀበላል። በፈረንሳይ አገር ደግሞ በ1949 እ.ኤ.አ. አንድ የካቶሊክ ቄስ የመሠረተው፣ ስሙን ከሉቃስ ወንጌል የወሰደው ኤማሁስ አለ። ቤት አልባ የነበሩ ሰዎች ከየሰፈሩ አሮጌ የቤት እቃ ይሰበስባሉ፤ ጠግነው ይሸጣሉ፤ በገቢውም ራሳቸው ይተዳደራሉ። ቁም ነገሩ ከጥገናው ላይ ነው።

ለደብረ ታቦር ግን አዲስ ድርጅት ከመመሥረት በፊት ያለውን ማየት ይሻላል። ያለው እድር ነው። እድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሳህንና ብርጭቆ አለው፤ ለሐዘን ወጥቶ ተቆጥሮ የሚመለስ። መዝገብ አለው፣ ንብረት ያዥ አለው፣ ዳኛ አለው። ከሁሉ በላይ የትኛው ቤት መሬት ላይ እንደሚተኛ ያውቃል፤ ይህን ከሌላ ከተማ የመጣ በጎ አድራጊ በአንድ ጉብኝት አይደርስበትም። እድር ከቀብር አልፎ መሥራት እንደሚችልም ታይቷል፦ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት በዘጋበት ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ እድሮች ወላጅ ያጡ ሕፃናትንና ሕሙማንን መርዳት ጀምረው ነበር። እርግጥ የእድር ንብረት የአባላቱ ነው፤ አባል ላልሆነ ድሃ እቃ ለመስጠት ጉባኤው ተስማምቶ ከመተዳደሪያ ደንቡ ላይ መጨመር አለበት። ከባድ ነገር ግን አይደለም፤ ለልገሳ የገባው እቃ ከድንኳኑና ከድስቱ ተለይቶ በራሱ መዝገብ ቢያዝ ይበቃል።

ምን ይሰጥ? ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎረቤቷ ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ደጋ ብርድ ልብስና ፍራሽ ከሶፋ ይቀድማሉ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንት ሲደርስና ነፋስ መውጫ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች ሥር ስትሆን ቤቶች ተዘረፉ፣ ሆስፒታሉም ተዘረፈ፤ ሕዝቡም በዚያ ዝናብ ተሰደደ። እንዲህ ላለ ቀን ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ለአንድ ቤተሰብ የሚለው ብዙ አይደለም፦ ክዳን ያላቸው 2 ድስቶች፣ አንድ ቢላ፣ ጭልፋ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሳህንና መጠጫ፣ የሚተኛበትና የሚለብሰው። ብዙው ከየቤታችን ቁም ሳጥን ላይ ተከምሮ ያለ ነው።

የተበላሸ እቃ ግን ለድሃ ሲሰጥ ድሃው የጥገና ሒሳብ ይሸከማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ አላሞቅ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከሸክላው ቦይ ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ ተበጥሶ ነው፤ ሽቦው ተቀይሮ፣ ምጣዱም አንድ እንጀራ ተጋግሮበት ይሰጥ። ደግሞ ተቀባዩ ቤት መብራት አለ ወይ ተብሎ ይጠየቅ፤ ከሌለ ተራው የሸክላ ምጣድ ይሻለዋል። የጠፍር አልጋ ከረገበ ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ሲለሰልስ እንደገና ተወጥሮ ይታሰራል፤ ሲደርቅ ይከርራል። ትኋን ከአልጋው መገጣጠሚያ ውስጥ ስለሚሸሸግ አልጋው ተፈታትቶ የፈላ ውሃ ይፈስበት። የጥጥ ፍራሽም ተተርትሮ፣ ጥጡ ተፈልቅቆ ፀሐይ ከመታው በኋላ እንደገና ይሰፋል። ሽንት የዘለቀው ስፖንጅ ግን ለማንም አይሰጥ፤ ይህን ስል የሚቀየመኝ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም ለራስ ልጅ የማይነጠፍ ለሰው ልጅም አይነጠፍም።

አሰጣጡም ወግ ይፈልጋል። ድሃን ሰብስቦ ከካሜራ ፊት ፍራሽ ማሸከም ነውር ነው። ንብረት ያዡ አመሻሽ ላይ በጋሪ ቢያደርሰው ማንም ሳያይ ይገባል።

እንግዲህ በእድርዎ በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ እጅዎን ያውጡና ይህን ይጠይቁ፦ «እቃ ቤታችን ውስጥ ለልገሳ የሚሆን አንድ ጥግና አንድ መዝገብ ይለይልን፤ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ አጥቤ እኔ አመጣለሁ።»